የማስረጃው ምዕራፍ፦ የፀረ ሽብር ሕግና የተጠርጣሪው ሐቅ በፊቅህ ሚዛን

ሽብርን እየተከላከሉ የሰውን መብት ስለመጠበቅ በአገራችን ሙስሊም ጸሐፍት የሚቀርቡ ጽሑፎችን ስናነብ ሁለት መንገዶች ጎልተው ይታዩናል። አንደኛው ኢስላም የሰላም ሃይማኖት መሆኑን በአንቀጽና በሐዲስ ካስረዳ በኋላ ጉዳዩን የሚዘጋ ነው። ሁለተኛው የመንግሥትን በደል ዘርዝሮ የሚያበቃ ነው። የሚሉት ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ሁለቱም የሕጉን አንቀጽ ገልጠው አያነቡም፤ ፉቀሃእ በዚሁ ርእስ ላይ የተከራከሩትንም አያመጡም። በውጤቱም ኢማሙ ከጁሙዓ በኋላ አንድ ወጣት ቀርቦ «እነ እገሌ በሽብር የተፈረደባቸው በምን ተረጋግጦ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው የሚመልሰው ያጣል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ጥያቄ ነው። አደጋው እውነተኛ መሆኑን አስቀድመን እንያዝ። ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን ክርስቲያን ወገኖቻችንን በሊቢያ ምድር ገድሎ ምስላቸውን በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ለዓለም አሳይቷል። ጥቅምት 4 ቀን 2010 ዓ.ም. በሞቃዲሾ በፈነዳው የጭነት መኪና ቦምብ ከ500 በላይ ሰዎች አልቀዋል። አልሸባብም በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የሶማሌ ክልላችንን ድንበር ጥሶ ገብቶ ነበር። መንግሥት ዜጎቹን ከዚህ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ሕይወትን መጠበቅ ከሸሪዓ ዐበይት ዓላማዎች አንዱ እንደመሆኑ ይህን ግዴታ የሚያቃልል ዓሊም አይኖርም።

ክርክራችን ከመንገዱ ጋር ነው። የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 በአንቀጽ 3 በንብረት ላይ የሚደርስ ከባድ ጉዳትንና የሕዝብ አገልግሎት መቋረጥን ከግድያና ከእገታ ጋር በአንድ ረድፍ አሰልፎ ከ15 ዓመት ጽኑ እስራት እስከ ሞት የሚደርስ ቅጣት ደነገገ። በአንቀጽ 6 ደግሞ አንድ ንግግር ከአድማጮች በከፊሉ ዘንድ እንኳ በተዘዋዋሪ እንደ ማበረታታት ሊታይ የሚችል ከሆነ ከ10 እስከ 20 ዓመት ያሳስር ነበር። በእነዚህ ሁለት አንቀጾች ላይ ብዙ ተጽፏል። ከሁሉ የከፋው ግን ብዙም ያልተነበበው፣ ስለ ማስረጃ የሚናገረው አንቀጽ 23 ነበር እንላለን።

ይህ አንቀጽ በሽብር ክስ ተቀባይነት ያላቸውን ማስረጃዎች ይዘረዝራል። የመጀመሪያው ምንጩና የተገኘበት መንገድ ባይገለጥም እንኳ በደኅንነት አካል የተዘጋጀ ሪፖርት ነው። ሁለተኛው የስሚ ስሚ ነው። ከዝርዝሩ መጨረሻ ደግሞ ተጠርጣሪው በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በምስል የሰጠው የእምነት ቃል ይገኛል። ይህን በመድረሳ ለተማረ ሰው በአጭሩ ማስረዳት ይቻላል፦ ሕጉ ኢስናድ የሌለውን ወሬ ሶሒሕ ብሎ ተቀበለ።

ንጽጽሩን ለማጋነን አላመጣነውም። የሐዲስ ሊቃውንት ማንነቱ ያልታወቀን ዘጋቢ ወሬ የሚመልሱት ዘጋቢው ውሸታም መሆኑ ስለተረጋገጠባቸው አይደለም። ሊመረመር ስለማይችል ነው። በቃዲ ፊት የሚቆም ምስክርም እንዲሁ ነው፤ ስሙ ይታወቃል፣ ዐዳላው ይጠየቃል፣ የተመሰከረበት ሰውም ምስክሩን የማንቋሸሽ፣ ማለትም ጠላትነቱን ወይም ጥቅሙን አስረድቶ ቃሉን የማስጣል ሐቅ አለው። ኢማም አቡ ሐኒፋ በሌሎች ጉዳዮች የሙስሊሙን ምስክር ውጫዊ መልካምነት በቂ አድርገው ሲቀበሉ፣ በሑዱድና በቂሷስ ግን ተከሳሹ ምስክሩን ባይቃወም እንኳ ቃዲው ሊያጣራ ይገባል ብለዋል። ቅጣቱ ሲከብድ ማጣራቱም ይከብዳል ማለት ነው። አዋጁ የሄደው በተቃራኒው ነበር፤ ክሱ እስከ ሞት ሊያደርስ በሚችልበት ቦታ ላይ የማስረጃውን ደጃፍ አሰፋው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የማየትና ምስክሮችን የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ምንጩ ያልተገለጠን ሪፖርት በምን ይጠይቃል?

የመንግሥት ሰዎች ምንጩ ከተገለጠ ጠቋሚው ይገደላል የሚሉት ምክንያት ከባድ ነው፤ በቀላሉ ልንገፋው አይገባም። ነገር ግን ይህ ምክንያት ጥቆማውን ለፍተሻና ለክትትል ለመጠቀም ያበቃል እንጂ ለፍርድ አያበቃም። በጥቆማ የተገኘ ጦር መሣሪያ ራሱ ማስረጃ ይሆናልና ጠቋሚውን መግለጥ አያስፈልግም። ጥቆማው ብቻ ከቀረ ግን የቀረው ሹብሃ ነው፤ ሑዱድ በሹብሃ እንደሚመለስ ደግሞ ፉቀሃእ አጽንተው ይዘውታል።

ስለ እምነት ቃል ያለው ጉዳይ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኢቅራር በባለቤቱ ላይ ከማስረጃዎች ሁሉ የጠነከረ ነው፤ ሸርጡ ግን በፈቃድ መሰጠቱ ነው። ከዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) እንደተዘገበው ያስራቡት፣ ያስፈራሩት ወይም ያሰሩት ሰው በራሱ ላይ በሚናገረው አይታመንም። ይህን ዘገባ ቃዲ አቡ ዩሱፍ ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ በጻፉት ኪታቡል ኸራጅ ውስጥ ይዘውታል። በዚያው ኪታብ በተራ ውንጀላ ብቻ ሰው እንዳይታሰር ኸሊፋውን አሳስበዋል። ይህን የተናገሩት ከሥልጣን የራቁ ዛሂድ አይደሉም፤ የዐባሲያ መንግሥት ዋና ቃዲ ናቸው። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት እንደሌለው ይናገራል። ስለዚህ በዚህ ነጥብ የአገሪቱ የበላይ ሕግና ፊቅህ በአንድ ረድፍ ቆመው እናገኛቸዋለን።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ጸሐፍት የሚዘሉትን ማለፍ አይገባንም። ቅርሳችን በዚህ ርእስ ላይ አንድ ድምፅ ብቻ የለውም። ኢብኑል ቀዪም በአጥ-ጡሩቁል ሑክሚያ የተወነጀለን ሰው በሦስት ይከፍላሉ፦ በመልካምነት የታወቀ፣ ማንነቱ ያልታወቀና በክፋት የታወቀ። የመጨረሻውን ማሰር፣ መምታትም እንደሚቻል ከሚናገሩት ዑለማእ ጋር ይቆማሉ። የዛሬው መርማሪ ይህን ቢያነብ ደስ ይለው ይሆናል። እኛ የምንለው፣ ይህ አቋም የቆመው ክፋቱ አስቀድሞ በሥራው በታወቀ ሰው ላይ ነው፤ በዘመናችን ክስ ግን «የታወቀ» የሚያደርገው ያው ምንጩ የማይገለጠው ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ሰውዬውን ክፉ ያደርገዋል፣ ክፉነቱም ድብደባውን ይፈቅዳል፣ ድብደባው የእምነት ቃል ያስገኛል፣ ቃሉም ሪፖርቱን እውነት ያደርገዋል። ኢብኑል ቀዪም ሊዘጉት የፈለጉት በር ወንጀለኛ የሚያመልጥበትን ነበር፤ ይህን አዙሪት ለመክፈት አልጻፉም። ቢሆንም አቋማቸውን እንደሌለ አድርጎ መብትን ብቻ መስበክ ዒልማዊ አማና አይደለም።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ክርክር እንዳልሆነ አንባብያን ያውቃሉ። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ተማሪ ቤት የተነሣውን የሙስሊሙን ጥያቄ ለመንግሥት እንዲያቀርቡ የተመረጡ የኮሚቴ አባላት በዚያው ዓመት ሐምሌ ታሰሩ። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር በዚሁ አዋጅ ተከሰሱ። ጉዳያቸው በፍርድ ቤት ተይዞ ሳለ ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተላለፈ፤ ከተከሳሾቹ አንዳንዶቹ በእስር ላይ ሳሉ የተቀረጹ ምስሎችም ታዩበት። ሐምሌ 27 ቀን 2007 ዓ.ም. ለ18 ሰዎች ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደ። የሕዝብ ድምፅ በአደባባይ ሲሰጥ፣ ተከሳሽ በታሰረበት የተናገረው በዳኛ ሳይመዘን በየቤቱ ሲታይ፣ አንቀጽ 23 ምን ያህል እንደሚያስተናግድ ያኔ ታየ። በየቤቱ የተቀመጠው ተመልካች ከዳኛው በፊት ፈርዶ አደረ።

ወደ ጥንቱ እንመለስ፤ የእኛ ሊቃውንት ስለ ጽንፈኞች የያዙት ሕግ የተወለደው ከመጀመሪያዎቹ ጽንፈኞች ጋር ነውና። ኸዋሪጆች ዐሊይ ኢብኑ አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ.) ካፊር ብለው ሲለዩ ኸሊፋው ሦስት ነገር እንደማይነሣቸው መናገራቸው ተዘግቧል፦ ከመስጂድ አያግዳቸውም፣ እጃቸው ከሙስሊሙ ጋር እስካለ ድርሻቸውን አይከለክላቸውም፣ ሰይፍ ካልጀመሩም አይዋጋቸውም። በኩፋ መስጂድ አንድ ሰው ዐሊይን እንደሚገድል ሲምል ተይዞ ቢቀርብላቸውም፣ ያልገደለኝን እገድላለሁን ብለው እንዲለቀቅ ማዘዛቸውን የሐነፊያ ኪታቦች ይዘግባሉ። ዐብዱላህ ኢብኑ ኸባብ በእጃቸው በተገደሉ ጊዜ ግን ዐሊይ ገዳዮቹን እንዲያስረክቡ ጠየቁ፤ እምቢ ባሉ ጊዜ በ38 ሂጅሪያ በነህረዋን ተዋጓቸው። ሐሳብ፣ ዛቻና ግድያ በአንድ አልተመዘኑም።

ለስላሳነታቸው ሕይወታቸውን አስከፍሏቸዋል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ በ40 ሂጅሪያ ያረፉት በኸዋሪጁ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ሙልጀም እጅ ነውና። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቆስለው ሳሉ ስለ ገዳያቸው ያዘዙትን እንመልከት፦ እስረኛው እንዲበላና እንዲጠጣ፣ እርሳቸው ቢሞቱ ከአንድ ምት በላይ እንዳይመታ፣ አካሉም እንዳይቆራረጥ። ደማቸው እየፈሰሰም መንገዱን አልለወጡም፤ ስለዚህ ያ ሕግ ከአለማወቅ ወይም ከየዋህነት የመጣ ነው ማለት አይቻልም።

አዋጅ 652ን የተካው የሽብር ወንጀልን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1176/2012 በመግቢያው የቀድሞው ሕግ በዜጎች መብት ላይ አሉታዊ ውጤት ማስከተሉን ያምናል፤ ሰላማዊ ሰልፍንና የሥራ ማቆምን የመሰሉ መብቶችን መጠቀም የሽብር ድርጊት እንዳይባልም ይለያል። ይህ ሊመሰገን ይገባል። ሕግ ስላለፈው ጥፋት በራሱ መግቢያ ሲናገር ብዙ ጊዜ አይታይም።

የቀረው በእኛው ቤት ያለው ነው። ሌላውን «ወሃቢይ» ወይም «አሕባሽ» ብለን በስም ብቻ ስንከስ፣ በመስጂድ አስተዳደር ጠብ የተነሣ የክስ ደብዳቤ ስንጽፍ፣ እኛው ምንጩ ያልታወቀው ሪፖርት ጸሐፊዎች እንሆናለን። የምንቃወመውን አንቀጽ በምንበራችን ላይ ልንሠራበት አይገባም። በሌላ በኩል፣ ግድያ ያቀደን ሰው ባወቅን ጊዜ «ሲትር» ብለን ዝም ማለት አይፈቀድም። ኢማም ነወዊ በሶሒሕ ሙስሊም ሸርሓቸው እንዳብራሩት የሚወደደው መሸፈን በጥፋት ላልታወቀና ላለፈ ኃጢአት ነው። ወጣቱ ይዞ የመጣው ጥያቄ ወይም የተጣመመ ሐሳብ ከሆነ ግን ቦታው ከመምህሩ ፊት ነው። የቀድሞው አዋጅ አንቀጽ 12 መረጃ ኖሮት ያላሳወቀን ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት ያሳስር ነበር፤ ይህም መምህራንን የወጣቱን ጥያቄ ሳይሰሙ እንዲሸሹ የሚያደርግ ነበር። ወጣቱ መልስ ፍለጋ ወደ ስልኩ ቢሄድ ማን ይደነቃል?

ይህን ሁሉ ለማስተማር አዲስ ኪታብ አያስፈልግም። በወሎም በሌላውም የአገራችን የቂርአት ማእከል ሲቀራ የኖረው የነወዊ ሚንሃጅ፣ ስለ ቡጋት በሚናገረው ክፍሉ፣ የኸዋሪጅን ሐሳብ የገለጡ፣ ጀማዓን የተዉና የትልቅ ኃጢአት ባለቤትን የሚያከፍሩ ሰዎች እስካልተዋጉ ድረስ እንደሚተዉ ይደነግጋል። ሆኖም ክፍሉ የሚገኘው በኪታቡ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ አብዛኛው ደረሳ የዒባዳቱን ሩብ እንደጨረሰ ወደ አገሩ ይመለሳል።