ስለ ሕግ መጽሔቶችና ስለ ልጅ ዕድሜ

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚያወጣው መንገድ ላይ በምትገኘው በዴራ አንዲት እናት የልጃቸውን ዕድሜ ቢጠየቁ፣ ቁጥር ከመጥራት ይልቅ «ዋግ ስንዴውን በመታው ዓመት የተወለደ ነው» ማለት ይቀናቸዋል። ይህ መልስ ለጎረቤት ይበቃል፤ ለዳኛ ግን አይበቃም። ስለ ወጣት ጥፋተኞች የሚጻፉት የሕግ ጥናቶች በዚህ ነገር መመዘን እንዳለባቸው አምናለሁ።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን በወንጀል ተጠያቂ አያደርገውም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን ከመደበኛ ቅጣት አውጥቶ ለልዩ እርምጃ ይሰጠዋል። ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ደግሞ በሞት አይቀጣም። እንግዲህ የጥቂት ወራት ልዩነት የነፍስ ልዩነት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በ1956 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት አማርኛውን ከእንግሊዝኛው ጋር ማቅረቡ እጅግ የሚያስመሰግነው ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ የተነሣው ሚዛን ሎው ሪቪው ግን አብዛኛውን ጽሑፍ የሚያወጣው በእንግሊዝኛ ነው። የጥናቶቹን ትጋት ማንም አይክድም። ሆኖም ይህ ዐይነቱ ጽሑፍ የአገራችንን አንቀጽ፣ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ከተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጋር ማስተያየት ይወዳል፤ ሕጉ የቆመበት የዕድሜ ቁጥር በምን እንደሚረጋገጥ ሲደርስ ብዕሩ ይፈጥናል። (እኛ የቢሮ ሰዎችም ቅጹ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ በግምት ስንሞላ ከዚህ ነቀፋ አናመልጥም።)

የልደት ምዝገባ በአዲሱ ሥርዐት በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉት ሁሉ ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው፤ ዘግይቶ የወጣ ወረቀትም ብዙ ጊዜ ያንኑ የወላጅ ቃል በማኅተም አጅቦ የያዘ ነው። ሐኪም ጥርስና አጥንት አይቶ ሊገምት ይችላል፤ ግምቱ ግን የተወለደበትን ቀን አይነግረንም። ሐኪሙ «ከ16 እስከ 19» ብሎ ቢጽፍ ዳኛው የትኛውን ይያዝ? ጥርጣሬውስ ለማን ይጠቀም?

መጽሔቶቹ ይህን አንድ ጥያቄ በሙሉ ቅጽ ቢመረምሩልን፣ በአማርኛም በዴራ ፍርድ ቤት በሚሠራበት በኦሮምኛም ቢያወጡልን፣ ከወረዳ ዳኛ እስከ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ድረስ የሚያነባቸው አያጡም።