እጁ ምን ያውቃል?

ከዳባት የመጣ አንድ ወጣት የፊልም ድርሰቱን ዘርግቶ «ጋሼ፣ ይህ አጎት ጨካኝ እንዲመስል ምን ላናግረው?» አለኝ። «ምንም አታናግረው። እጁ ምን ሥራ ያውቃል?» አልኩት። ግራ ገባው። የተማረበት መጽሐፍ «ገጸ ባሕሪህ ምን ይፈልጋል? ማን ይከለክለዋል?» ብሎ ነው የሚጀምረው። በዚህ ነገር ከስንቱ የሙያ ጓደኛዬ ጋር ተኳርፌአለሁ! ፍላጎቱን ማንም ተዋናይ በአፉ ይነግርሃል፤ ሽንኩርት አከታተፍን ግን ቁጭ ብሎ መማር አለበት።

የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» እዩት፤ በ2015 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የ9 ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ሞታለች፤ አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት አዲስ አበባ ወርዷል። የቀረችለት ቹኒ የተባለች በጉ ናት። የዚህ ልጅ እጅ የሚያውቀው ወጥ መሥራት ነው። አጎቱ ሰሎሞን ደግሞ ወንድ ልጅ እርፍ እንጂ ማማሰያ አይጨብጥም ባይ ነው፤ ለበዓሉም በጓን እረድ ይለዋል። ሰሎሞን የሚያውቀውን ሊያስተምር የሚጥር ገበሬ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። ልጁ ሳምቡሳ ሠርቶ ገበያ ሲወጣ ጠቡ በቃል ሳይነገር ገብቶናል። የኛ ሰፈር ፊልሞች ቢሆኑ አጎትየውን ሦስት ጊዜ ያስፎክሩት ነበር።

እኔም ከዚህ አልዳንኩም። አባቴ ደባርቅ ላይ በበቅሎ የቱሪስት ጓዝ ጫኝ ነበር። የመጀመሪያ ድርሰቴን ስለሱ ጻፍኩና 40 ገጽ ሙሉ አናገርኩት። ለእናቴ ሳነብላት «ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። አባቴ ማለዳ ከበቅሎዋ በቀር ማንንም አያናግርም። የግራውንና የቀኙን ጓዝ በየእጁ አንስቶ ይመዝናል፤ በቀለለው በኩል ድንጋይ ይጨምራል። ጭነቱ ተራራው ላይ ካለው የሳንቃበር ካምፕ ሳይደርስ ካዘነበለ በቅሎዋ ገጣባ ታወጣለች። ቀን ሙሉ ድንጋይ ተሸክማ ትውጣ የሚለውን ሰው ቱሪስቶቹ ጨካኝ ይሉት ይሆናል።

ወጣቱ ባለፈው ሳምንት ተመልሶ መጣ። አጎትየውን ጓዝ ጫኝ አድርጎታል፤ አንዲት ቃል አይናገርም። «ጋሼ፣ ገመዱ እንዴት ነው የሚታሰረው?» አለኝ። ወንበር ገለበጥኩና ላሳየው ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቋጠሮ እሺ አለ። ሁለተኛው ላይ እጄ ቆመ።