የኩራዝ ጥላሸት

አንዲት ልጅ እናቷን ይዛ ወደ ንቅሳት ቤቴ መጣች። በእናቷ አንገት ዙሪያ ያለውን ንቅሳት እሷም አንገት ላይ እንድደግመው ፈልጋለች። «እንዲህ ያለ አረንጓዴ ቀለም አለህ?» ስትለኝ እናትየዋ ሳቁ። «ምን አረንጓዴ አለ! የኩራዝ ጥላሸት ነው።»

እውነታቸውን ነው። ጥላሸት ጥቁር ነው፤ አረንጓዴ የሚያስመስለው ከላዩ ያለው ቆዳ ነው። ቀዩን ብርሃን ቆዳው ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል፣ ጥላሸቱም ይውጠዋል፤ ሰማያዊው ግን ተበትኖ ወደ ዓይናችን ይመለሳል።

ሥራችን ጥልቀትን ማወቅ ነው። የላይኛው ቆዳ እየረገፈ ስለሚታደስ እዚያ የቀረ ቀለም አብሮ ይሄዳል። አንድ ሚሊ ሜትር ከግማሽ ያህል ወረድ ሲል የሰውነት ጠባቂ ሕዋሳት ይውጡታል፤ መፍጨት ግን ያቅታቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአይጥ ላይ በተሠራ ጥናት እንደታየው፣ እነሱ ሲሞቱ የለቀቁትን ቀለም ተተኪዎቻቸው መልሰው ይውጡታል። ከልክ በላይ ከጠለቀ ደግሞ መስመሩ እርጥብ ወረቀት ላይ እንዳረፈ ቀለም ይሰፋል።

«የነቀሰችኝ ሴትዮ መርፌዎቹን በክር ጠምጥማ ጫፋቸውን ብቻ ታስቀር ነበር» አሉ እናትየዋ። ክሩ ቆዳ ሲነካ እጇ ይቆማል። እኔ ማሽኔ ላይ በብሎን የማስተካክለውን እሷ በክር ጨርሳዋለች። አንድ መርፌ ለመንደሩ ሁሉ መዞሩ ግን አይናፍቀኝም።

ማሽኑም ቢሆን ለቆዳ ታስቦ አልተጀመረም። ኤዲሰን ጽሑፍ ለማባዛት ወረቀት የሚበሳ የኤሌክትሪክ ብዕር ሠራ፤ ሳሙኤል ኦራይሊ የተባለ የኒውዮርክ ነቃሽ ከዚያ ሐሳብ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1891 የንቅሳት ማሽን የፈጠራ መብት አወጣ። በሳሞአ ግን ዛሬም ነቃሹ ያለ ማሽን፣ ጥርሳም መሣሪያውን በዱላ መታ መታ ያደርጋል፣ ረዳቶቹ ቆዳውን ወጥረው ይይዛሉ። ንቅሳት ራሱ ከማሽን እጅግ ይቀድማል፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በአልፕስ በረዶ ውስጥ የተገኘው የ5,300 ዓመቱ ሰው፣ ኦትዚ፣ ገላው ላይ 61 ንቅሳት አለው። ቀለሙ ጥላሸት ነው።

አንገት አስቸጋሪ ነው፤ ቆዳው ስስ፣ ጉሮሮውም አላርፍ ባይ። በግራ አውራ ጣቴ ወጥሬ ስጀምር እናትየዋ ከጎን «ምራቅሽን አትዋጪ!» ይላሉ። ስጨርስ ልጅቷ መስታወት አይታ «ጥቁር ነው እኮ!» አለች። «ቅርፊቱ ይርገፍ እንጂ» አሏት። እሳቸውን ያስጨነቃቸው ሌላ ነበር፤ ዋጋውን ሲሰሙ «ለኔ ነቃሽ እኮ እናቴ የሰፈረችላት አንድ ቁና ገብስ ነው» አሉኝ።