ሣሩ ከአሸዋው ጋር የሚገናኝበት ቦታ
በኮምፒዩተር ስለሚሣሉ የምናብ ካርታዎች የቀረበ ሒስ



በየቤታችን ያሉ ልጆችና ወጣቶች በኮምፒዩተር የሌለ አገር ካርታ ሲሥሉ ማየት የተለመደ ሆኗል። ለጨዋታ ወይም ለሚጽፉት ተረት የሚሆን አገር ይፈጥራሉ፤ ተራራ ያቆማሉ፣ ወንዝ ያፈስሳሉ፣ ለከተማውም ስም ያወጣሉ። ብዙ ወላጅ ይህን ጊዜ ማባከን ነው ይለዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ሥራው እንደ ማንኛውም ሥዕል ተመርምሮ ሊተች ይገባዋል ይላል። ምክንያቱም የእነዚህ ካርታዎች ትልቁ ድክመት የሚገኘው ወላጆች ከማንም በላይ በሚያውቁት ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም አንዱ መሬት አልቆ ሌላው በሚጀምርበት ቦታ ላይ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሠዓሊው የሣር፣ የአሸዋ፣ የድንጋይ ወይም የበረዶ ገጽታ ያላቸውን ትናንሽ ሥዕሎች ይወስዳል፤ እነዚህ ቴክስቸር ይባላሉ። እንደ ወለል ንጣፍ ጎን ለጎን ተደርድረው ሰፊውን ቦታ ይሸፍናሉ። በላያቸው ሌላ ንብርብር ይደረብና የማይፈለገው ክፍል ማስክ በተባለው መሸፈኛ ይደበቃል። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ውጤት ግን የሚያሳዝን ነው። ያው አንድ ቋጥኝ በየአራት ጣቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ዐይን ደግሞ ድግግሞሽን ለመያዝ ፈጣን ነው። ሣሩም ከአሸዋው ጋር በመቀስ እንደ ተቆረጠ ጨርቅ ተገጥሞ ይቀራል። ሠዓሊው ይህን ሲያይ መድኃኒት ያገኘ መስሎት ጠርዙን ሁሉ በለስላሳ ብሩሽ ያደበዝዛል። ያን ጊዜ መቁረጫው ይጠፋል፤ በምትኩ ግን ግማሽ ሣር ግማሽ አሸዋ የሆነ ጭጋግ በየድንበሩ ይተኛል። በጸሐፊው አስተያየት ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። የተቆረጠው ጠርዝ ያልተጨረሰ ሥራ መሆኑን ራሱ ይናገራል፤ ጭጋጉ ግን ያማረ መስሎ ያታልላል።

የዚህ ዓይነት ካርታዎች አባት ተደርጎ የሚቆጠረው እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1954 ማሳተም ከጀመረው “የቀለበቶቹ ጌታ” ከተባለው መጽሐፉ ጋር የወጣው ነው። የሣለው ልጁ ክሪስቶፈር ነበር። ያ ካርታ ቴክስቸር የሚባል ነገር የለውም፤ ተራራው ጥቂት የብዕር ጭረት፣ ጫካው ጥቂት ዛፍ ነው፤ የቀረው ባዶ ወረቀት ነው። ሞርዶር የተባለውን ክፉ አገር የከበቡት ተራሮች እንደ ግቢ አጥር ማዕዘን ይዘው ይታጠፋሉ። በምድር ላይ እንዲህ ያለ ተራራ ማግኘት ያስቸግራል፤ ሆኖም አንባቢ ቅር አይለውም። የብዕር ጭረት እንደ ፊደል ነውና “እዚህ ተራራ አለ” ከማለት በላይ ቃል አልገባም። ያው አገር ከሰማይ እንደ ታየ ተደርጎ ሣርና ድንጋይ ሲለብስ ግን ነገሩ ይለወጣል። እውነተኛ መሬት መስሎ የቀረበ ሥዕል በመሬት ሕግ ይዳኛል።

ሕጉስ ምንድን ነው? በሰሜን፣ በወገራ ወይም በደምቢያ ያደገ ሰው ቃሉ በአፉ ነው፤ በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ። እነዚህ የከፍታ ስሞች ብቻ አይደሉም፤ ሙቀቱን፣ እህሉንና ዛፉን አንድ ላይ ይናገራሉ። ከቆላው ማሽላ ተነሥቶ ወደ ወይና ደጋው ጤፍ፣ ከዚያም ወደ ደጋው ገብስ የሚወጣ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ “እዚህ ላይ ተሻገርኩ” የሚልበት መሥመር አያገኝም። ግራሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ ወይራና ጽድ አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ፤ ቀጥሎ ይበዛሉ። በሰሜን ተራራ ከፍ ሲባል አስታው እያጠረ ይመጣል፤ በመጨረሻም ጅባራው በሣሩ መካከል ለብቻው ቆሞ ይታያል። ልብ በሉ፤ ግማሹ ግራር ግማሹ ጽድ የሆነ ዛፍ የትም የለም። መሬት የሚዋሐደው እንደ ውኃና ወተት ሳይሆን እንደ ሰርገኛ ጤፍ ነው። ነጩ ነጭ፣ ቀዩም ቀይ እንደ ሆነ ይቀራል፤ የሚለዋወጠው የአንዱ መብዛትና የሌላው ማነስ ነው።

ስለሆነም ማስኩ ላይ የሚሠራው ብሩሽ የሚያደበዝዝ ሳይሆን የሚበትን መሆን አለበት። ሻካራና ነጠብጣብ የሚረጭ ብሩሽ ተመርጦ የሣሩ ቁራጮች ወደ አሸዋው ውስጥ እየሳሱ እንዲገቡ፣ የአሸዋውም ገላጣ ቦታዎች ወደ ሣሩ እንዲዘልቁ ማድረግ ይቻላል። በሁለቱ መካከል ቁጥቋጦ ወይም ጠጠር የሆነ ሦስተኛ ቴክስቸር ቢገባ ደግሞ ይበልጥ ይረዳል። ይህን ለማድረግ ውድ ፕሮግራም አያስፈልግም፤ በነፃ የሚገኘው ጂምፕም ይበቃል።

የድንበሩ ቅርጽም ሊታሰብበት ይገባል። ከኢየሩሳሌም ወደ ሙት ባሕር የወረደ ሰው በመስኮት ያየውን ያስታውስ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የሙት ባሕር ዳርቻ ከባሕር ወለል በታች ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ላይ በዓመት ከ500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ሲወርድ ታች 100 እንኳ አይሞላም። ዝናብ የሚያመጣው ነፋስ ከምዕራብ መጥቶ ተራራውን ሲሻገር እርጥበቱን ጥሎ ያልፋልና ነው። ይህ ሁሉ ለውጥ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ይካሄዳል፤ ሆኖም በቀጥታ መሥመር አይደለም። ወደ ሰሜን የዞረው ቁልቁለት ፀሐይ ስለሚቀንስለት ቁጥቋጦውን ይዞ ይቆያል፤ ወደ ደቡብ የዞረው ግን ቀድሞ ይራቆታል። አረንጓዴው ወንዛወንዙን ተከትሎ እንደ ጣት ይወርዳል። በካርታውም ላይ ጠርዙ ሸለቆውንና ቁልቁለቱን ይከተል።

ይህ ማለት ግን ስለታም ድንበር ሁሉ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። የሰሜን ገደል ደጋውን ከቆላው በአንድ ጊዜ ይቆርጠዋል፤ እዚያ ላይ ማለሳለስ ገደሉን መግደል ነው። የሰው እጅም መሥመር ያወጣል። በኔጌቭ ጫፍ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የተተከለው የያቲር ጫካ ከበረሃው ጋር ፊት ለፊት ቆሟል። በደቡብ ጎንደርና በጎጃም በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የቀሩት ደኖችም ከላይ ሲታዩ በእርሻ መካከል እንዳሉ ክብ ደሴቶች ናቸው። ካርታ የሚሥል ልጅ ስለታም ጠርዝ ባደረገ ቁጥር “ማን ቆረጠው?” ተብሎ ቢጠየቅና መልስ ቢኖረው፣ ያ አገር ታሪክ አለው።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። በብዙ አትላስ ዝቅተኛ ቦታ አረንጓዴ፣ ከፍተኛ ቦታ ቡናማ ይቀባል፤ ወጣቶቹም ይህንኑ ወስደው የምናብ አገራቸውን ይቀባሉ። ቀለሙ የሚናገረው ከፍታን ብቻ ነው፤ አንባቢ ግን ሣርና ደረቅ መሬት አድርጎ ያነበዋል። በዚህ ልማድ መሠረት ጨው የበዛበትና እጅግ ሞቃቱ የዳናክል ዝቅታ አረንጓዴ ሲሆን፣ ዝናብ የሚጠግበው የጎንደር ደጋ ቡናማ ይሆናል። እዚህ አገር ተወልዶ አትላስ ያየ ልጅ አያቱ ስለ ለምለም መስክ ሲያወሩ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ቶም ፓተርሰንና በርንሃርድ ጄኒ የተባሉ ካርታ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጽሑፍ መፍትሔ አቅርበዋል፤ ለደረቅ፣ ለእርጥብና ለቀዝቃዛ አገር የተለያየ የቀለም መሰላል ሰጥተው መሰላሎቹን ቀስ በቀስ አንዱን ወደ ሌላው ማዋሐድ ነው። የምናብ አገር ሠዓሊም ተራራው ዝናቡን በየት በኩል እንደሚያግድ አስቀድሞ ቢወስን ቀለሙ ራሱ ይመራዋል።

እንደ ኢንካርኔት ወይም ወንደርድራፍት ያሉት ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ ፕሮግራሞች ለጀማሪ ይጠቅማሉ፤ ክፋታቸው ካርታዎቹ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች መምሰላቸው ነው። ጥላን በሚመለከት ስዊዛዊው ኤድዋርድ ኢምሆፍ ተራራን ሲሥል ብርሃኑን በአብዛኛው ከሰሜን ምዕራብ ያመጣ ነበር፤ ዝቅተኛውን ቦታ በስሱ አየር እንደ ተሸፈነ አደብዝዞ ጫፉን ያጎላል። ቴክስቸሩ ከዚህ ጥላ በታች መዋል አለበት፤ ከተራራው በላይ ከጮኸ ቅርጹን ይበላዋል።

መጠኑም እንዲሁ ነው። የአምስት ቀን መንገድ በሚያሳይ ካርታ ላይ የሣር ቅጠል አንድ በአንድ ከታየ፣ ሣሩ ከተራራው በልጧል ማለት ነው። ካርታውን መዳፍ እስኪያህል አሳንሶ ቀለሙንም ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጦ ማየት ጥሩ መፈተኛ ነው። ያን ጊዜ ተራራው ጠፍቶ የቴክስቸሩ ንጣፍ ብቻ ከቀረ፣ ንብርብሩን ማሳሳትና ከጥላው እንደገና መጀመር ይሻላል።