የከሸፈ ጥይት ምርመራ

ቃታው ተስቧል፤ የተሰማው ግን የመዶሻው «ቀጭ» ብቻ ነው። በተኩስ መለማመጃ ሜዳ ጀማሪና ልምድ ያለው ተኳሽ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ጀማሪው ሽጉጡን ወደ ራሱ አዙሮ ያያል፣ ወይም ወዲያው አቀባብሎ ጥይቱን ይጥለዋል። ልምድ ያለው ደግሞ አፈሙዙን ከዒላማው ሳያነሳ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቃል። እሳቱ ዘግይቶ ሊነሳ ይችላልና። በሽጉጥ ላይ እንዲህ ያለው መዘግየት ብዙም አያጋጥም፤ ሲያጋጥም ግን ቸኩሎ የወጣ ጥይት ደጅ ላይ፣ ምናልባትም እጅ አጠገብ ይፈነዳል።

የተተኮሰ ቀለህ እየሰበሰበ እንደገና ለሚሞላ ሰው እውነተኛው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በገዛ እጁ የሞላው ጥይት ሲከሽፍ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚወቅሰው ሽጉጡን ነው። ሞላ ያስቀይራል፣ መርፌ ያስለውጣል፣ ገንዘቡንም ይጨርሳል። መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው በከሸፈው ጥይት ግርጌ ላይ ነው። ስለዚህ ያ ጥይት ከሌሎቹ ተለይቶ ይቀመጣል እንጂ አይጣልም።

ግርጌውን ገልብጦ ማየት ነው። መሐል ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ካፕሱል ነች፤ መርፌው ሲመታት ባሩዱን የምታቀጣጥለው እሷ ነች። ምቱ የተወው ጉድጓድ ጥልቅና መሐል ለመሐል ከሆነ ሽጉጡ ድርሻውን ተወጥቷል። ጥፋቱ የጥይቱ ነው፤ ወይ ካፕሱሏን ዘይት ወይም እርጥበት ነክቷታል፣ ወይ ስትገጠም ከመጠን በላይ ተጨፍልቃ በውስጧ ያለው ፈንጂ ተሰባብሯል። ጉድጓዱ የሳሳ ከሆነ ወይም ወደ ጎን ካረፈ ሽጉጡም ይጠረጠራል፦ የደከመ ሞላ፣ ጫፉ ያለቀ መርፌ፣ በመርፌው መውጫ የተጠራቀመ ጥቀርሻና የረጋ ቅባት። ውድድር የሚተኩሱ ሰዎች ቃታው እንዲለሰልስላቸው የመዶሻውን ሞላ በቀላል ይቀይራሉ። ለስላሳ ካፕሱል እስከተጠቀሙ ድረስ ችግር የለም፤ ቆዳዋ ጠንከር ያለ ካፕሱል የገዙ ዕለት ግን ክሽፈቱ ይጀምራል።

አንድ ምልክት ብዙዎችን ያሳስታል። ያው የከሸፈ ጥይት ተመልሶ ገብቶ በሁለተኛው ምት ይተኩሳል። ባለቤቱም «ሽጉጤ ደክሟል» ይላል። የሆነው ሌላ ነው። ካፕሱሏ ስትገጠም እስከ ጎድጓዳው ወለል ስላልወረደች የመጀመሪያው ምት ጉልበቱን የጨረሰው እሷን ወደ ውስጥ በመግፋት ነው። ወለሉ ላይ ካረፈች በኋላ ሁለተኛው ምት ያገኛታል። እንደገና በተሞላ ጥይት ላይ ከሚታዩት ምክንያቶች ሁሉ የሚበዛው ይሄ ነው፤ መድኃኒቱም ገበያ አያስወጣም። አሮጌዋ ካፕሱል የወጣችበት ጎድጓዳ ከጥቀርሻ ይጸዳል፣ አዲሷ ወለሉን እስክትነካ ትገፋለች፣ ከዚያ ጣት በግርጌው ላይ ይዳበሳል። ካፕሱሏ ከግርጌው በ0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅ ማለት አለባት። ይህን ያህል ልዩነት ዓይን ይስተዋል፣ የጣት ጫፍ ግን ይለየዋል። ዳበሳው የሚደረገው ባሩድ ከመግባቱ በፊት፣ በእያንዳንዱ ቀለህ ላይ ነው።

ሌላው ጥፋት ያለው በቀለሁ አፍ ላይ ነው። የ9 ሚሊ ሜትር ፓራቤለም ጥይት በአፈሙዙ ጓዳ ውስጥ ልኩን የሚይዘው በቀለሁ አፍ ጠርዝ ተደግፎ ነው። የቀለሁ ትልቁ ርዝመት 19.15 ሚሊ ሜትር ነው። አፉ እርሳሱ ላይ ከልክ በላይ ከተጨመቀ ጠርዙ መደገፊያውን አልፎ ይሰምጣል፤ መርፌውም በሙሉ ጉልበቱ አይደርስበትም። በተቃራኒው አፉ ተበልቅጦ ከቀረ ወይም እርሳሱ ከልኩ በላይ ወደ ውጭ ከወጣ፣ ጥይቱ ሙሉ በሙሉ ስለማይገባ ሽጉጡ አይዘጋም፤ የመዶሻው ጉልበትም ያልተዘጋውን ለመዝጋት ይባክናል። ይህን ለማጣራት ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ ሽጉጥ አፈሙዙ ይፈታና አንድ ጥይት ወደ ጓዳው ይጣላል። ጥይቱ ያለምንም ግፊት «ጠብ» ብሎ መግባት፣ አፈሙዙ ሲገለበጥም በራሱ ክብደት መውጣት አለበት።

ሙያው ለኢትዮጵያ ባዳ አይደለም። ፈረንሳዊው ገጣሚና ነጋዴ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ ምኒልክ የነዳው ቅፍለት 2,040 ባለካፕሱል ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት የጫነ ነበር። ከዚያ በኋላ አገሩን የሞላው የፈረንሳዩ የ1874 ሞዴል 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ፣ ውጅግራ ነው። ጥይቱ ውድ ስለነበር በገበያ ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር፤ የተተኮሰው ቀለህም ተለቅሞ እንደገና ይሞላ ነበር። ጥቁር ባሩድ እርጥበት ይስባል፣ ጥቀርሻውም ብዙ ነው። በዚያ ላይ የዘመኑ ካፕሱሎች ፈንጂ ሜርኩሪ ነበረበት፤ ሜርኩሪው ደግሞ የቀለሁን ናስ ዘልቆ ያሻክረዋል፣ በቀላሉ እንዲሰበርም ያደርገዋል። አንዱ ቀለህ ስንት ጊዜ እንደተሞላ ሳይታወቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ የሚታመን ጥይትና የሚከሽፍ ጥይት በአንድ ዝናር ውስጥ ጎን ለጎን ይሰካሉ።

ናስን የሚጎዳው ሜርኩሪ ብቻ አይደለም፤ የሆሳዕና አካባቢም ለናስ ምቹ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ክረምቱም ጭጋግና ዝናብ ያልተለየው ነው። ሌላም አለ። በሐዲያና በከምባታ የባህል ቤት ከብት ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፤ ከበረቱ ወገን የሚነሳውም የሽንት ሽታ አሞኒያ ነው። አሞኒያ በውጥረት ላይ ያለ ናስን ይሰነጥቃል። እንግሊዞች ይህን ያዩት በሕንድ ነበር፤ በዝናቡ ወራት በፈረስ ጋጣ ውስጥ የተቀመጡ ጥይቶቻቸው አንገታቸው ላይ ይሰነጠቁ ነበር። ምክንያቱ አሞኒያ መሆኑ ተመርምሮ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። በግድግዳ ምስማር ላይ የተሰቀለ የአያት ዝናር ካለ በቀለሁ አፍ ዙሪያ የፀጉር ያህል የቀጠነ መስመር መፈለግ ተገቢ ነው። እርሳሱ ይላላል፣ እርጥበት ወደ ባሩዱ ይገባል፣ ጥይቱም ይከሽፋል። አረንጓዴ ዝገት ያወጣ ወይም የተሰነጠቀ ቀለህ አይተኮስም፣ አይሞላምም።

ዛሬ በሆሳዕና፣ በዱራሜ ወይም በሾኔ ቀለህ መሙላት የመዝናኛ ሙያ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያ በፈቃድና በቁጥጥር ሥር ብቻ እንዲያዝ ያዝዛል። ዕቃው ራሱም እምቢ ይላል። የክላሽና የማካሮቭ ጥይቶች ብዙዎቹ ቀለሃቸው ብረት ነው፤ የካፕሱላቸው ጎድጓዳም እሳት የሚያሳልፉ ሁለት ጠባብ ቀዳዳዎች ስላሉት አሮጌዋን ካፕሱል በቀላሉ ገፍቶ ማውጣት አይቻልም። መሐሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ያለው የናስ ቀለህ ግን በአንዲት ዘንግ ይወጣለታል። ይህ ሙያ የደራው በአሜሪካና ከዚህ አካባቢ ብዙ ወጣት በተሰደደባት በደቡብ አፍሪካ ነው። የደቡብ አፍሪካ የ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የመሣሪያ ሕግ ባለፈቃድ ሰው ለራሱ መሣሪያ ጥይት እንዲሞላ ይፈቅዳል፤ ለተራው ባለፈቃድ የሚፈቀደው ግን በአንድ መሣሪያ 2,400 ካፕሱል ነው።

ከክሽፈት የሚከፋ አንድ ድምፅ አለ፤ ከወትሮው የላላ «ፑፍ»። ባሩድ ሳይገባበት የተዘጋ ቀለህ ካፕሱሏ ብቻዋን ስትተኩስ እርሳሱን አፈሙዝ ውስጥ ወትፋ ልታስቀረው ትችላለች። ቀጣዩ ጥይት ከተከተለ አፈሙዙ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ያን ድምፅ የሰማ ሰው ተኩሱን ያቆማል፣ ካዝናውን ነቅሎ ጓዳውን ባዶ ያደርጋል፣ የአፈሙዙን ክፍትነት በዘንግ ያረጋግጣል። በመሙያው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ እርሳስ ከመግጠሙ በፊት ቀለሆቹን በመደዳ አቁሞ የየአንዳንዱን የባሩድ ከፍታ በመብራት ያያል።

ይህ ሁሉ ምርመራ የሚጠቅመው ጥይቶቹ በየትኛው ቀን እንደተሞሉ ሲታወቅ ነው። ጠንቃቃ ሰው በየሳጥኑ ላይ ቀኑን፣ የካፕሱሉንና የባሩዱን ዓይነት፣ ቀለሁ ስንተኛ ጊዜ እንደተሞላ ይጽፋል። ከአንድ ሳጥን አንድ ጥይት ቢከሽፍ ይመረመራል። ሁለተኛው በተመሳሳይ ምልክት ከከሸፈ ከዚያ ሳጥን አንድም ጥይት አይተኮስም፤ የቀሩት ሁሉ እርሳሳቸው ይነቀላል፣ ባሩዳቸው ይወገዳል፣ ጎድጓዳቸውም አንድ በአንድ ይታያል።