ፎቶ ተነሥተው ይምጡ

ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ትልቅ ፖስታ ታቅፎ የተቀመጠ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ረዳቱ ትርፍ ሰው ሲደርብበት እንኳ የሚሳሳው ለፖስታው እንጂ ለጉልበቱ አይደለም። “ኧረ ቀስ በሉ፣ እንዳይታጠፍብኝ!” ይላል። ያ ሰው ራጅ፣ ሲቲ ስካን ወይም ኤም አር አይ ተነሥቶ እየተመለሰ ነው። ውስጡ ያለው ወረቀት ምን እንደሚል አያውቅም። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም በሐኪም እንግሊዝኛ። እሱ በትክክል የሚያውቀው የከፈለውን ብር ነው።

እኔም እንዲህ ያለ ፖስታ ታቅፌ ከተማውን ዞሬያለሁ። ፖስታው የአክስቴ ነው።

አክስቴ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። ዕድሜዋ ስድሳ ሁለት ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት የሊጥ ባልዲ ስታነሣ ወገቧ ላይ “ቀጭ” አለባት። ሁለት ቀን ተኝታ አልሻል ሲላት በሦስተኛው ቀን ደግፌያት አንድ ክሊኒክ ሄድን። ካርድ አወጣን፣ ተራ ጠበቅን፣ ገባን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሕትናም አለው።

“እናቴ፣ ምንዎን ያምዎታል?”

“ወገቤን፣ ልጄ።”

ወረቀት ሳበና ጻፈ። “ኤም አር አይ ተነሥተው ይምጡ።”

በቃ፣ ይኸው ነው! አክስቴ አልጋው ላይ አልወጣችም፣ ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም። እግሯን ቀና አድርጎ ያየላት፣ ወገቧን የዳበሳት የለም። “ሽንትዎን መቆጣጠር አቅቶዎታል ወይ? እግርዎ ይደነዝዛል ወይ? ትኩሳት አለዎት? ክብደት ቀንሰዋል?” ብሎ የጠየቃትም የለም። ሰዓቴን አይቻለሁ፤ ገብተን የወጣነው በአራት ደቂቃ ነው። የማዘዣውን ወረቀት እየሄድን አነበብኩት። “የሕመሙ ታሪክ” በሚለው ሰፊ ቦታ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ሰፍሯል፤ የወገብ ሕመም።

ገንዘቡ ከየት መጣ ትሉኝ ይሆናል። አክስቴ ዕቁብ ወጥቶላት ነበር። የወጥ ቤቷን ጣሪያ ቆርቆሮ ልትቀይርበት ያስቀመጠችው ነው። ፎቶው ላይ ዋለ።

ውጤቱ “ሁለት ቦታ ላይ ዲስኩ ወጣ ብሏል” ይላል። መጨረሻው ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ “ከሕመምተኛዋ ሁኔታ ጋር ይገናዘብ” የምትል። ሐኪማችን ፊልሙን ከፖስታው አላወጣም። ወረቀቱን አነበበ፤ የምትገናዘበዋን መስመር ግን ዘለላት። “ዲስክዎ ተንሸራቷል። ከእንግዲህ ማጎንበስ፣ ከባድ ማንሣት የለም” አላት። እንጀራ ጋጋሪ ሴት እኮ ናት! ሳታጎነብስ ምን ልትበላ ነው?

አክስቴ ቃሉን እንደ ፍርድ ተቀበለችው። አራት ወር ከአልጋዋ ብዙም አልራቀችም። ካስነጠሳት “ዲስኬ!” ብላ ወገቧን ትይዛለች። ደንበኞቿ አንድ ሁለት እያሉ ሌላ ጋጋሪ ፈለጉ። ሕመሙ ከያዛት ይልቅ ወረቀቱ የያዛት ባሰ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የጀርባ ሕመም የሌለባቸውን 98 ሰዎች በኤም አር አይ አንሥተው ነበር። ከእነዚህ ምንም ከማያማቸው ሰዎች 52 በመቶው ላይ ቢያንስ በአንድ ቦታ ዲስኩ ወጣ ብሎ ተገኘ። በ2015 ደግሞ ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ተሰብስበው ሲታዩ፣ ሕመም ከሌለባቸው የሃያ ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው፣ ከሰማንያ ዓመት አዛውንቶች ደግሞ 96 በመቶው ያረጀ ዲስክ እንዳላቸው ታወቀ። እንግዲህ የዲስክ ማርጀት እንደ ሽበት ነው ማለት ነው። ራሱን የሚያመውን ሽማግሌ “ፀጉርዎ ሸብቷል፣ ምክንያቱ እሱ ነው” ብንለው ምን ይለናል?

የሕክምና መመሪያዎችም ይህንን ያውቃሉ። የአደጋ ምልክት የሌለበት ተራ የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ስለሚሻለው፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ፎቶ አያስፈልገውም ይላሉ። የአደጋ ምልክት መኖር አለመኖሩን የሚያሳየው ደግሞ ማሽኑ አይደለም፤ ጥያቄና ዳበሳ ነው። ሁለቱም መብራት አይፈልጉም፣ መለዋወጫም አይጠብቁም።

ታዲያ ማሽን ጠላት ነው ልል አይደለም። ይህን እንዳልል የሚከለክለኝ የጎረቤታችን የአንድ አዛውንት ታሪክ አለ። እኒህ ሰው ደረጃ ላይ ተንሸራተው ጭንቅላታቸውን መቱ። ደም የለ፣ እብጠቱም ትንሽ ነበርና ነገሩ ተረሳ። በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸውን ያማቸው ጀመር፤ ሲራመዱም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ። ልጃቸው ሕክምና ወሰደቻቸው። “ሽምግልና ነው” ተባለና የቫይታሚን መርፌ ታዘዘ። “አባባ፣ ወድቀው ያውቃሉ?” ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ልጃቸውን በእህታቸው ስም መጥራት ሲጀምሩ ሌላ ቦታ ተሮጠ፤ እዚያ የደረሱበት ሐኪም የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ መውደቅ ነበር። ሲቲ ስካን ታዘዘ፤ የዚያ ቤት ማሽን ተበላሽቷል። በኮንትራት ታክሲ ከተማ አቋርጠው ሲነሡ፣ በራስ ቅላቸውና በአንጎላቸው መካከል ደም ቀስ በቀስ ተጠራቅሞ ተገኘ። ቅሉ ተበስቶ ደሙ ወጣና ተረፉ። ዛሬ በራቸው ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ፤ ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ድሮው አይታዘዝላቸውም።

ልብ በሉ፤ ለአክስቴ የማያስፈልጋት ፎቶ በአራት ደቂቃ ታዘዘላት፣ ለእሳቸው የሚያስፈልጋቸው ፎቶ ዘገየባቸው። በሁለቱም ቤት የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ጠያቂ።

ፎቶውን የሚያነበውን ባለሙያ ብዙ አልወቅሰውም። በሽተኛዋን አላያትም። ከእጁ የገባው ሁለት ቃል ብቻ ነው። በሁለት ቃል ምን ይፈልግ? ስለዚህ ያየውን ሁሉ ይዘረዝርና “ይገናዘብ” ብሎ ይሰጣል። የሰው ዓይን ደግሞ የሚያየው የሚፈልገውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ 24 የራዲዮሎጂ ሐኪሞች በሳንባ ሲቲ ስካን ላይ ትንንሽ እብጠቶችን እንዲፈልጉ ተደርጎ፣ ሳይነገራቸው የጎሪላ ሥዕል ተጨመረበት። ጎሪላው ከሚፈልጉት እብጠት 48 እጥፍ ይተልቃል። ከ24ቱ 20ዎቹ አላዩትም! ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፤ ጎሪላ ፈልጉ ስላልተባሉ ነው። ያንን የማዘዣ ወረቀት በሁለት ቃል የሚሞላ ሐኪም ይህችን ታሪክ ቢያስታውሳት መልካም ነው።

የምወቅሰው ሥርዓቱን ነው። ማሽን በብድር የገዛ ክሊኒክ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ እንዲውል አይፈልግም። በቀን ስንትና ስንት በሽተኛ የሚያይ ሐኪምም ከመጠየቅ ይልቅ ማዘዝ ይቀልለዋል። ሲቲ ስካን ደግሞ እንደ ጉርድ ፎቶ የሚነሡት ነገር አይደለም። አንድ የሆድ ሲቲ ስካን ለሰውነት የሚያደርሰው ጨረር ከብዙ ደርዘን የደረት ራጅ ጋር ይስተካከላል። ካስፈለገ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣልና ይነሣ፤ “ለማንኛውም” ተብሎ ግን አይነሣም። አልትራሳውንድና ኤም አር አይ ይህ ጨረር የለባቸውም፤ የኪስና የልብ ጉዳታቸውን ግን በአክስቴ አይቼዋለሁ።

ደግሞ እኛስ? እውነቱን እንነጋገር ካልን እኛም አለንበት። ከሐኪም ቤት ለተመለሰ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄያችን “ምን አለህ?” ሳይሆን “ምን አዘዘልህ?” ነው። “ኧረ ዝም ብሎ ዳበሰኝ እንጂ ራጅ እንኳ አላስነሣኝም!” ብለን እናማለን። ሃያ ደቂቃ አዳምጦ “ምንም አይደል፣ ይሻልዎታል” ያለንን ሐኪም ትተን፣ በአራት ደቂቃ አራት ምርመራ የጻፈልንን “አዋቂ ነው!” እንላለን። በዓለም ላይ ከሰው ልጅ ሁለት ሦስተኛው መሠረታዊውን ራጅና አልትራሳውንድ እንኳ አያገኝም ይባላል። ገጠር ያለው ወገናችን አጥንቱ ተሰብሮ ራጅ ፍለጋ በሸክም ከተማ ሲገባ፣ እኛ ከተሜዎቹ ለቁርጥማት ኤም አር አይ ካልታዘዘልን እናኮርፋለን።

አክስቴን ያስነሣት ሌላ ማሽን እንዳይመስላችሁ። በአምስተኛው ወር ለደም ግፊቷ ክትትል ጤና ጣቢያ ሄደች። አንዲት የጤና መኮንን አጎንብሳ መቀመጥ አቅቷት አየቻት። “እማማ፣ ምን ሆነው ነው?” አለቻት። አክስቴ ፖስታውን ዘረጋች። ልጅቱ ፖስታውን ወደ ጎን አድርጋ አልጋው ላይ አስወጣቻት። እግሯን አነሣች፣ ጣቶቿን ነካካች፣ በጣቷና በተረከዟ አስሄደቻት፣ የጠየቀቻትን ሁሉ ጠየቀቻት። መጨረሻ ላይ “ይሄ የዕድሜዎ ፎቶ ነው። ያሰረዎት መተኛቱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ይራመዱ፣ በሁለት ሳምንት ደግሞ ትንሽ ትንሽ ይጋግሩ” አለቻት። አክስቴ ከዚያ ወጥታ ስትነግረኝ አለቀሰች። ስለዳነች አይደለም፤ ያን ቀን ገና አልዳነችም። “ነካችኝ እኮ፣ ልጄ” ነው ያለችኝ።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ሐኪም ፎቶ ሲያዝዝላችሁ በትሕትና አንዲት ነገር ጠይቁት፤ “ዶክተር፣ ውጤቱ ምን ቢሆን ሕክምናዬ ይለወጣል?” በሉት። መልስ ያለው ሐኪም አይቆጣም፤ በደስታ ያስረዳችኋል። ያን ጊዜ ማሰሮም ቢሆን ሸጣችሁ ተነሡ። መልስ ከሌለው ግን መጀመሪያ ይዳብሳችሁ።

አክስቴ አሁን ትጋግራለች። ባልዲውን በግማሽ እየቀዳች ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች እንጂ አንድ ቀን አላረፈችም። ባለፈው ዝናብ ሲዘንብ እሷው ጋ ነበርኩ። የወጥ ቤቷ ጣሪያ ምጣዱ አጠገብ ሲያንጠባጥብ ሳህን ደቀነችበት። ከዚያ ቁም ሣጥን ላይ ወዳለው ትልቅ ፖስታ በአገጯ እያመለከተች፣

“ቆርቆሮዬ እዚያ ላይ ነው ያለው” አለችኝ።