አንጻርና ቃና በ«አዝማሪና ውሃ ሙላት»

ትረካዊ ግጥም ታሪክ እንደ መሆኑ መጠን ተራኪ አለው፤ በታሪኩም ውስጥ የሚናገሩ ሰዎች አሉ። ይህን ሳይለይ የሚያነብ ተማሪ ከተናጋሪዎቹ አንዱ የተናገረውን ቃል ሁሉ የገጣሚው አቋም አድርጎ ይወስደዋል። ስሕተቱ ግን የተማሪው ብቻ አይደለም። ግጥሙ እንደ ተነበበ «ከዚህ ምን እንማራለን?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ቀድሞ ከቀረበለት፣ ተማሪው ወደ መጨረሻዎቹ ስንኞች ዘልሎ መልሱን ይዞ ይመለሳል። በመካከል ያለው ታሪክ፣ ተናጋሪዎቹና የድምፃቸው ልዩነት ሳይመረመሩ ይቀራሉ።

በ1991 ዓ.ም. ያረፉት ደራሲ ከበደ ሚካኤል የጻፉት «አዝማሪና ውሃ ሙላት» ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማስረጃ ነው። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ መንገደኛ ወንዝ ሞልቶ በሚወርድበት ስፍራ አዝማሪ ሲዘፍን ያገኛል። ምን እንደሚሠራ ቢጠይቀው፣ አዝማሪው ውሃው እንዲራራለትና እንዲያሻግረው እያሞገሰው መሆኑን ይገልጻል። መንገደኛው ሞኝነቱን ይነግረዋል። ከዚያም ግጥሙ ሰሚ ስላጣ ንግግር በሚያወሱ ሁለት ስንኞች ይዘጋል። «አዝማሪው ሞኝ ነው» ብሎ ትምህርቱን መደምደም ቀላል የሚሆነው ለዚህ ነው። ግጥሙን በጥሞና ለሚያነብ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

አንጻር

አንጻር ሲባል ታሪኩ በማን ዐይን እንደሚታይ ማለት ነው። ተራኪው በሦስተኛ መደብ ይናገራል፤ ነገር ግን ትረካውን የሚጀምረው ከመንገደኛው ጉዞ ነው። አንባቢው ወደ ወንዙ የሚደርሰው ከመንገደኛው ጋር ነው፤ አዝማሪውንም የሚያየው ከመንገደኛው ጎን ቆሞ፣ ከውጭ ነው። ተራኪው ወደ አዝማሪው ልብ አይገባም። ለምን እንደሚዘፍን የምናውቀው ተጠይቆ ራሱ ሲመልስ ብቻ ነው። እንግዲህ አንባቢው ለመንገደኛው ማድላቱ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ገና ከመነሻው ከእርሱ ጋር እንዲቆም ተደርጓል። ተማሪው ይህን ካወቀ በኋላ መንገደኛው እውነት መናገሩን ለመመርመር ነጻነት ያገኛል።

ቃና

ቃና ተናጋሪው ስለሚናገረው ነገርና ስለሚያነጋግረው ሰው ያለው ስሜት በአነጋገሩ ሲገለጥ ነው። በዚህ ግጥም ውስጥ ቃናው አንድ አይደለም። ተራኪው የአዝማሪውን ዜማ የሚያሳዝን አድርጎ ያቀርበዋል፤ በዚህ ውስጥ ፌዝ የለም። አዝማሪውም የሚናገረው በተቸገረ ሰው ቃና ነው። ኑሮው በማወደስ የቆመ ሰው መንገድ ሲዘጋበት ያለውን ብቸኛ መሣሪያ፣ ሙያውን፣ ያነሣል። የመንገደኛው ቃና ግን የተደባለቀ ነው። ጥያቄውን ሲያነሣ «አቶ» የሚለውን የአክብሮት መጠሪያ ከሙያ ስም ጋር ያያይዛል፤ ግሡን ግን በ«አንተ» ያስኬደዋል። አክብሮቱ በግሡ አለመደገፉ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ቀልድን ያመለክታል። ቀጥሎ «ሞኝ» ይለዋል፤ ሆኖም ዝም ብሎ አያልፈውም፤ ቆሞ ያስረዳዋል። የሰማው ውሃ ያልፋል፤ በምትኩ የሚመጣው ገና ያልሰማ ነው። ይህ ምክንያት ያለው ተግሣጽ እንጂ ስድብ አይደለም።

የመጨረሻዎቹ ስንኞች

ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ግጥሙን የሚዘጉት ሁለት ስንኞች ጠባይን ስለማያርም ተግሣጽና ሰሚ ስላላገኘ ንግግር ይናገራሉ። አዝማሪው ግን ውሃውን አልገሠጸም፤ አወደሰ እንጂ። በታሪኩ ውስጥ ተግሣጽ የሰጠው ሌላው ሰው፣ መንገደኛው፣ ነው። ስለዚህ ፍርዱ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው በውሃው ፊት ወደ ቆመው አዝማሪ፣ ሁለተኛው በአዝማሪው ፊት ወደ ቆመው መንገደኛ ይመለከታል። አዝማሪው ለውሃው እንደ ሆነ፣ መንገደኛውም ለአዝማሪው እንዲሁ ሊሆን ይችላል። አዝማሪው ምክሩን ሰምቶ ዝም ማለቱን ግጥሙ አይነግረንም። መካሪውም ሰሚ ማግኘቱ ሳይታወቅ ታሪኩ ያበቃል።

በዚህ መልክ ሲነበብ የነቀፌታው ክብደት ከሚናገረው ወደማይሰማው ይዛወራል። የሥራው ብርታትም ይህ ነው። በሌላ በኩል መደምደሚያው እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር ራሱን ችሎ መቆም የሚችል ስለ ሆነ ከታሪኩ ተነጥሎ በቃል ለመያዝ ይመቻል። ይህም ታሪኩን የማስረሳት አደጋ አለው። ገጣሚው ይህን መንገድ መምረጡ ለማስተማር ካለው ፍላጎት የመነጨ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ መምህሩ ግን የተነጠለውን መልሶ የማያያዝ ኀላፊነት አለበት።

በክፍል ውስጥ

ለዚህ የሚረዳው ዘዴ ወጪ የማይጠይቅ ነው። ግጥሙ በሦስት ተማሪዎች ይነበብ፤ አንዱ ተራኪውን፣ አንዱ አዝማሪውን፣ አንዱ መንገደኛውን ይወክል። ወደ መጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ሲደረስ መምህሩ ንባቡን አቁሞ «እነዚህን ማን ያንብብ?» ብሎ ይጠይቅ። መንገደኛው ካነበባቸው የምክሩ ማጠቃለያ ይሆናሉ። ተራኪው ካነበባቸው ግን በመንገደኛውም ላይ የተሰጠ ፍርድ ይሆናሉ። ተማሪዎች ምርጫቸውን ከግጥሙ ቃል ማስረጃ እያቀረቡ ይከራከሩበት። ቀጥሎም ታሪኩን በአዝማሪው አንደበት በስድ ንባብ እንዲጽፉት ቢደረግ፣ አንጻር ሲለወጥ ቃናም አብሮ እንደሚለወጥ በራሳቸው ብዕር ይረዱታል።

መጻሕፍትን ለሚያዘጋጁና ፈተና ለሚያወጡ ባለሙያዎችም ጉዳዩ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። «ማን ያያል? ማን ይናገራል? ለማን? በምን ቃና?» የሚሉት ጥያቄዎች ይቅደሙ፤ «ምን እንማራለን?» የሚለው ይከተል። ነጥብም ለመልሱ ብቻ ሳይሆን ለቀረበው ማስረጃ ይሰጥ። ይህ ካልተደረገ ተማሪው ስለ ማዳመጥ የተጻፈውን ግጥም ተናጋሪዎቹን ሳያዳምጥ ያልፈዋል።